ከአሎር የመጣች ጎብኚ

ዶርካስ ማውካሪ ጆግጃካርታ ዩኒቨርሲቲ ገብታ መማር ከጀመረች ስምንት ወር ሲሆናት፣ የእንግሊዝኛ መምህራቸው አቶ ሃርዮኖ የሴሚስተሩን ዋና ሥራ ሰጡ።

«ፈረንጅ ታነጋግራላችሁ» አሉ ሰሌዳው ላይ እየጻፉ። «አራት አራት ሆናችሁ አሥር የውጭ አገር ጎብኚ ትይዛላችሁ። ከአገራቸው ባህል ምን ተለየባቸው፣ ምን ገረማቸው፣ ምን ከበዳቸው? ጠይቃችሁ፣ ጽፋችሁ፣ እዚህ ቆማችሁ ታቀርባላችሁ።»

ክፍሉ ውስጥ ሠላሳ ሰባት ተማሪ ነበር። ወንበር ተጎተተ፣ ሰው ተጠራራ፣ በጃቫኛ ተንሾካሾኩ፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ዘጠኝ ቡድን ተሠራ። ዶርካስ የእስክሪብቶዋን ክዳን እየከፈተችና እየዘጋች ጠበቀች። ማንም አልገፋትም፤ ማንም ደግሞ አልጠራትም። አቶ ሃርዮኖ ቆጥረው ሲጨርሱ ቀና ብለው አዩዋት።

«ዶርካስ፣ ከአንዱ ቡድን አምስተኛ ሁኚ እንጂ።»

ሁሉም ዞረው ፈገግ አሉላት። «ከእኛ ጋር ትችላለች መምህር፤ ደስ ይለናል» አለች ፊት የተቀመጠችው ዌኒንግ። ዌኒንግ ይህን ስትል አጠገቧ ያለችው ልጅ አቀርቅራ የጠረጴዛውን ጠርዝ በጥፍሯ ስትፍቅ ዶርካስ አየቻት።

«ግድ የለም መምህር፣ ብቻዬን እሠራዋለሁ።»

«እንግዲያው ለአንቺ አምስት ሰው ይበቃሻል» አሉ አቶ ሃርዮኖ። «ጎበዝ ነሽ።»

ዶርካስ ከኢንዶኔዥያ ምሥራቃዊ ደሴቶች የአንዷ፣ የአሎር ልጅ ናት። አሎር ሩቅ ናት፤ ከሱራባያ ወደብ ተነስቶ፣ መርከቡ ካልተበላሸ፣ ሦስት ቀን ባሕር ላይ ነው። አባቷ ቫኒላ ይተክላል፤ እሷን ግን ያሳደጋት አያቷ ነበር፣ የአባቷ አባት። ጠጉሯ ጥቅጥቅ ያለ ከርዳዳ፣ መልኳ ጠይም ሳይሆን ጥቁር የሚባል ነው። ድምፅዋም ተራራ ለተራራ ሲጠራሩ ያደጉ ሰዎች ድምፅ ስለሆነ፣ ጆግጃ በገባች ሰሞን ስታወራ ሰው ሁሉ የተቆጣች ይመስለው ነበር። ቀስ በቀስ ዝቅ አድርጋ መናገር ለመደች። በኋላም ጨርሶ መናገሩን ቀነሰችው።

የምትኖረው እማማ ሱርቲ በሚያከራዩት ግቢ ነው። ስምንት ሴት ተማሪዎች በአንድ ኮሪደር ግራና ቀኝ ክፍል ክፍላቸውን ይዘው ይኖራሉ። ክፉ የሚባል ሰው በመካከላቸው የለም። በመጣች በሦስተኛው ቀን አራቱ ኮሪደሩ ላይ ምንጣፍ ዘርግተው ሩዝና ቴምፔ የሚሉትን የአኩሪ አተር ጥብስ ሲበሉ በአጠገባቸው ስታልፍ፣ «ዶርካስ፣ ነይ እንብላ!» አሏት። አሎር ላይ ሰው ብላ ካለህ ትበላለህ፤ እምቢ ማለት መናቅ ነው። እጇን ታጠበችና ተቀመጠች። እየሳቁ ቦታ ለቀቁላት፣ ሳህን ሰጧት፣ የአራት ሰው ሩዝ የአምስት ሆነ። ከዚያ ግን ወሬው ቆመ። ማንኪያ ብቻ ይሰማ ነበር።

በነጋታው ሌላዋ ተከራይ በዚያው ስታልፍ «እንብላ» ሲሏት «ብሉ ብሉ፣ አሁን ነው የበላሁት» ብላ ሳትቆም ክፍሏ ገባች። ማንም ቅር አላለውም። ዶርካስ ያን ጊዜ ነገሩ ገባትና ፊቷ በሐፍረት ጋለ። ከዚያ ወዲህ እሷም «ብሉ፣ በላሁ» ማለት ለመደች፤ ሳህኗን ይዛ ክፍሏ ትገባና አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ግድግዳውን እያየች ትበላለች።

በጥር አያቷ ሞተ። አባቷ ደውሎ ሲነግራት መጮኋን እንኳ አላወቀችም። አሎር ቢሆን ኖሮ እሷ ሳትጨርስ ግቢው በሰው ይሞላ ነበር፤ በሩን የሚያንኳኳ የለም፣ ዝም ብሎ ገብቶ አብሮ የሚያለቅስ ነው ያለው። እዚህ ልጆቹ ቴሌቪዥኑን ዝቅ አደረጉ። በኮሪደሩ በጣቶቻቸው እየረገጡ አለፉ። ሲነጋ በሯን ስትከፍት እጀታው ላይ በፌስታል የተንጠለጠለ ብርቱካን አገኘች። ስም የለበትም። ማንን እንደምታመሰግን አጥታ ሁሉንም አንድ በአንድ በዓይኗ ስትፈልግ ሰነበተች፤ ሁሉም ፈገግ እያሉ አለፏት።

እሑድ ዕለት በጠዋት አውቶቡስ ተሳፍራ ጎብኚ ወደሚበዛበት ጥንታዊ መቅደስ፣ ወደ ቦሮቡዱር ሄደች። መጠይቁን በፕላስቲክ ማህደር አድርጋ፣ ሁለት እስክሪብቶ ይዛ፣ ጎብኚዎች ከመቅደሱ ወርደው የሚያልፉበት መንገድ ዳር ዛፍ ሥር ቆመች። የመጀመሪያዎቹ ጥንዶች ገና አፏን ስትከፍት እጃቸውን አወናጨፉ፤ «አንገዛም፣ አንገዛም።» ሁለተኛው ሰውዬም እንዲሁ። ሦስተኛዋ ሴትዮ ጭራሽ ቦርሳዋን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

እዚያው ባርኔጣ የምትሸጥ አንዲት ትልቅ ሴት ይህን ሁሉ ስታይ ቆይታ ሳቋ መጣ። «የኔ ልጅ፣ ማህደሩን ደብቂው! ፖስት ካርድ የምትሸጪ መስለሻቸው እኮ ነው። በብብትሽ ያዢውና መጀመሪያ ሰላም በያቸው። እኔ ሃያ ዓመት እዚህ ስቆም ወረቀት አይቶ ያልሮጠ ፈረንጅ አላየሁም።»

እንዳለቻት አደረገች። አንድ ጀርመናዊ ሽማግሌ ቆመላት። ገና ሳትጠይቀው እሱ ጠየቃት።

«ከየት ነሽ?»

«ከዚሁ አገር።»

«አይ፣ ማለቴ፣ ከመሠረቱ?»

«ከመሠረቱም ከዚሁ ነኝ።»

ሰውዬው ጠጉሯን አየ፣ ፊቷን አየ፣ «በጣም ደስ ይላል» አለና የተጠየቀውን መለሰ፤ መንገድ መሻገር ከበደኝ፣ ሰው ሁሉ ትሑት ነው፣ ቃሪያው ያቃጥላል። ከእሱ ቀጥሎ ብቻዋን የምትጓዝ አንዲት ስፔናዊት አገኘች። እሷ ደግሞ የሚገርማት ሌላ ነበር። «እዚህ ብቻውን ያለ ሰው አላየሁም» አለች። «ሁሉም አብሮ ይሄዳል፣ አብሮ ይበላል፣ አብሮ ፎቶ ይነሳል። ስትኖሩበት አይታወቃችሁም ይሆናል። ታድላችሁ!» ዶርካስ «ልክ ነው» ብላ ቃል በቃል ጻፈችው። ሴትየዋ ከሄደች በኋላ ወረቀቱን መልሳ አነበበችውና ቀና ብላ መንገዱን አየች። ለተወሰነ ጊዜ ማንንም አላስቆመችም።

ቀትር ሲሆን ጥላው ሥር ተቀምጣ የያዘችውን እንቁላልና ሩዝ በላች። እጇን እየጠረገች ሳለ አራት ሴቶች ልጆች፣ ነጭ ሻሽና አንድ ዓይነት የደንብ ልብስ የለበሱ፣ እየተገፋፉ ወደ እሷ መጡ። መነጽር ያደረገችው ደብተር ይዛለች፤ ሌላዋ ስልኳን ወደፊት ዘርግታ ድምፅ እየቀዳች ነው። ዶርካስ ዞር ብላ አየች። ከኋላዋ ማንም የለም።

«ይቅርታ ሚስ» አለች ባለመነጽሯ በእንግሊዝኛ፣ በቃሏ የያዘችውን እንዳይጠፋት እየፈጠነች። «እኛ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ነን። ከኬቡመን ነው የመጣነው። የባህል ልዩነትን ስለሚመለከት ፕሮጀክታችን ጥቂት ጊዜዎን ልንወስድ እንችላለን?»

ዶርካስ ወዲያው ሳትመልስ ስትቀር እርስ በርስ መነጋገር ጀመሩ፣ ጃቫኛና ኢንዶኔዥኛ እየቀላቀሉ።

«አልገባትም፣ ላራስ። ድገሚላት።»

«አንቺ ድገሚላት! ሁልጊዜ እኔ ነኝ?»

«ተቆጥታለች መሰለኝ።»

«አልተቆጣችም። ፊቷ ነው።»

«ጥቁር ናት፣ ግን ታምራለች።»

«ቀስ በይ እንጂ፣ ትሰማሻለች!»

«ምን ትሰማለች? ፈረንጅ አይደለች እንዴ?»

«ጥቁር ፈረንጅ አለ?»

«አለ እንጂ! ኳስ አታይም?»

ዶርካስ «እኔ እኮ የዚሁ አገር ሰው ነኝ» ልትል አፏን ከፍታ ነበር። አራቱም በአንድ ጊዜ ቀና ብለው አዩዋት። ያ ሁሉ ዓይን እሷን ፈልጎ የመጣ ነው፤ አልፏት ሊሄድ አይደለም፣ እሷ ምን እንደምትል ሊሰማ ነው። ስምንት ወር ሙሉ እንዲህ ያያት ሰው አልነበረም።

«እሺ፣ ጠይቁኝ» አለች በእንግሊዝኛ።

ልጆቹ ከደስታቸው ዘለሉ።

«ከየት ነው የመጡት ሚስ?»

«ከአሎር።»

ላራስ እስክሪብቶዋን አንስታ ቆመች። ጓደኞቿን አየች። «አሎር የት ነው?» አለች በሹክሹክታ።

«ከኢኳዶር አጠገብ ይሆናል።»

«ኢኳዶር ራሱ የት ነው?»

«አንቺ ዝም ብለሽ ጻፊ።»

«ሩቅ ነው» አለች ዶርካስ። «በመርከብ ሦስት ቀን።» ውሸት አልተናገረችም። ላራስም በጥንቃቄ፣ በትልልቁ «አገር፦ አሎር» ብላ ጻፈች።

ምግባችን ጣመዎት? አዎ፣ ግን ስኳሩ ይበዛበታል። ልጆቹ ሳቁ። በአገርዎ ምን ይበላሉ? በቆሎ፣ ተቆልቶ በድንጋይ የሚጠፈጠፍ። ደረቅ ነው፣ ስትበሉት ይንኮሻኮሻል፤ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። ከዚያ ላራስ አምስተኛውን ጥያቄ አነበበች።

«የእኛና የእርስዎ አገር ባህል ልዩነቱ ምንድን ነው?»

ዶርካስ ይህንኑ ጥያቄ ጠዋት ለሁለት ሰው አንብባ ነበር። አሁን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማችው መሰላት።

«በእኛ አገር ሰው ‹እንብላ› ካለ ትበላላችሁ» አለች። «እዚህ ‹እንብላ› ይሏችኋል፣ እናንተ ደግሞ ‹በላሁ› ብላችሁ ማለፍ አለባችሁ።»

ላራስ ለሌሎቹ ተረጎመችላቸው። «እውነቷን ነው!» ብላ ባለስልኳ ሳቀች። «እናቴ እንደዚያ ነች። አንድ ቀን አንድ ሰውዬ እውነት መስሎት ገብቶ…» ሌላዋ በክርኗ ነካቻት።

«በእኛ አገር ሰው ቤቱ ውስጥ ሲያለቅስ ከተሰማ ጎረቤት ሳያንኳኳ ይገባል። እዚህ ሰው ሲያለቅስ፣ እንዳያፍር ብላችሁ ቀስ ብላችሁ ታልፋላችሁ። እናንተ የምታደርጉት ለክብሩ እንደሆነ አውቃለሁ። ቆይቶ ነው የገባኝ። ግን የሚያለቅሰው ሰው የሚሰማው እግራችሁ ሲርቅ ነው።»

ላራስ ግማሹን ጽፋ እስክሪብቶዋ ቆመ። ይህን ለሌሎቹ ስትተረጉም ድምፅዋ ቀነሰ። ከአራቱ ትንሿ፣ ኡሚ የሚሏት፣ እስካሁን ምንም ያልተናገረችው፣ የላራስን እጅጌ ጎተተች።

«ጓደኛ አላት ወይ ብለሽ ጠይቂያት።»

«ወረቀቱ ላይ የለም።»

«ቢሆንስ? ጠይቂያት!»

ዶርካስ ጥያቄውን ገና ሳይተረጎም ሰምታዋለች፤ መልስ ለማዘጋጀት ጊዜ ነበራት። ብዙ ጓደኞች አሉኝ ልትል ወስና ነበር። ላራስ ግን በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ «ሚስ፣ እዚህ ጓደኛ አለዎት?» ስትላት፣ «ገና ነው» የሚለው ቃል አመለጣት። ወደ መቅደሱ ዞር አለች። ኡሚ ከቦርሳዋ ካራሜላ አውጥታ ሰጠቻት።

ይህን ጊዜ አስተማሪያቸው ከኋላ መጣች። ጃንጥላ የያዘች፣ ቀኑን ሙሉ ልጆች ስትሰበስብ የዋለች የደከማት ሴት ናት። መጀመሪያ ለዶርካስ በእንግሊዝኛ «በጣም እናመሰግናለን» አለቻት፤ ከዚያ ደብተሩን ከላራስ ተቀብላ አነበበች። ግንባሯ ተቋጠረ።

«አሎር?» አለች። «አሎር የእኛ አይደለችም እንዴ? በምሥራቅ! ካርታ ያስተማርኳችሁ ለምንድን ነው?» ወደ ዶርካስ ዞረች፤ አሁን በኢንዶኔዥኛ ነው። «ይቅርታ አድርጊልኝ። አንቺ የዚህ አገር ሰው ነሽ?»

«አዎ ቲቸር።»

አራቱም ልጆች አፋቸውን በእጃቸው ከደኑ። ላራስ እስከ ጆሮዋ ቀላች።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሻቸው?»

«ፈረንጅ ነሽ ወይ ብለው አልጠየቁኝም» አለች ዶርካስ።

አስተማሪዋ አልተቆጣችም። ሰዓቷን አየች። «ግድ የለም፣ ጥፋቱ የእነሱ ነው። ልጆች፣ ይሄ አይቆጠርም። ሰርዙትና ሌላ ፈልጉ፤ የእውነት የውጭ አገር ሰው። አውቶቡሱ ሊሄድ አንድ ሰዓት ነው የቀረው፣ ቶሎ በሉ!»

ሄዱ። ዶርካስ ካራሜላውን በእጇ እንደያዘች ቀረች። አይቆጠርም የሚለውን ቃል በውስጧ ሁለት ሦስት ጊዜ አለችው። ጠዋት የዚሁ አገር ሰው ነኝ ብላ ጀርመናዊውን ማሳመን አልቻለችም፤ አሁን ደግሞ የዚሁ አገር ሰው በመሆኗ ለልጆቹ ሳትቆጠር ቀረች።

ትንሽ ቆይቶ ላራስ ሻሿን እያስተካከለች እየሮጠች ተመለሰች። ትንፋሽ አጥሯታል።

«እትዬ፣ ይቅርታ። የተባባልነውን ሁሉ ሰምተሽናል ማለት ነው።»

«ሰምቻለሁ።»

«ጥቁር ናት ያልነውንም?»

«ጥቁር ነኝ እኮ።»

«ታምራለች ብለናል ደግሞ» አለች ላራስ ፈጠን ብላ።

«እሱንም ሰምቻለሁ» አለች ዶርካስ፤ ሳቅ አመለጣት። ላራስም ሳቀች። ከዚያ ጎንበስ ብላ የዶርካስን እጅ በግንባሯ ነካች፣ ለታላቅ እንደሚደረገው፤ ተመልሳም ሮጠች። ዶርካስ ስልክ ቁጥሯን መጠየቅ ነበረብኝ ብላ ያሰበችው ነጩ ሻሽ ከሌሎቹ ነጭ ሻሾች ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ነው።

እስከ ማምሻው ሁለት ጃፓናውያን ጓደኛሞች አነጋግራ አራት ሰው ሞላላት። አምስተኛ ሳታገኝ አውቶቡሱ መጣ።

የማቅረቢያዋ ዕለት ክፍሉ ፊት ስትቆም አምስተኛው የቀረበትን ምክንያት መናገር ነበረባት። የሆነውን ነገረቻቸው። መጀመሪያ ስትጀምር እንዲህ ልታስቅ አላሰበችም፤ «ከኢኳዶር አጠገብ ይሆናል» ስትል ግን ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ሲስቁላት ደስ አላት። የልጆቹን ድምፅ እያስመሰለች ቀጠለች፤ «ጥቁር ፈረንጅ አለ?» ስትል ጠረጴዛ የሚደበድቡ ነበሩ። አቶ ሃርዮኖ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ለልጆቹ የመለሰችውን ግን አልነገረቻቸውም። ቶሎ ብላ ወደ አስተማሪዋ ጃንጥላ አለፈች።

«በሉ፣ አምስተኛው ሞልቷል» አሉ አቶ ሃርዮኖ ስትጨርስ። «አምስተኛዋ አንቺው ነሽ!»

ክፍሉ እንደገና ሳቀ። አቶ ሃርዮኖ ጥሩ ሰው ናቸው፤ ጥሩ ውጤት ሰጧት። ዶርካስም ከሁሉ ጋር ሳቀች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስም ወጣላት። በኮሪደር ሲያገኟት «ሄሎ ሚስ!» ይሏታል። ካፌ ውስጥ የማታውቃቸው ልጆች ሳይቀሩ «ጎብኚዋ መጣች! አሎር እንዴት ነች? ቪዛ አገኘሽ?» ይሉና ቦታ ይለቁላታል። በፍቅር ነው፤ ይህን ታውቃለች። በፊት ማንም በስሟ እንኳ አይጠራትም ነበር፣ አሁን የዩኒቨርሲቲው ግቢ ሁሉ ያውቃታል። እሷም «ቪዛዬ ሊያልቅ ነው» ትላለች፤ ይስቃሉ፣ ያልፋሉ። ማታ ክፍሏ ስትገባ ጉንጯ ከሳቁ ብዛት ይደክማታል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ አንድ ሐሙስ፣ ከክፍል ሲወጡ ዝናቡ በአንዴ ወረደ። ዶርካስ ሮጣ ሞተር ሳይክል ማቆሚያው ቆርቆሮ ሥር ገባች። ዌኒንግ ቀድማ እዚያ ቆማ የዝናብ ልብሷን እየለበሰች ነበር። ሌላ ሰው አልነበረም።

«ዶርካስ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ?»

«ጠይቂኝ።»

«እነዚያ ልጆች የባህላችንን ልዩነት ሲጠይቁሽ ምን አልሻቸው? እሱን አልነገርሽንም።» ዌኒንግ አልሳቀችም። የዝናብ ልብሱን ቁልፍ ግማሽ ላይ ትታ ቆማለች። «ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳስበው ነበር።»

ዶርካስ ልትናገር ትንፋሽ ወሰደች። ከዚያ ግን የዌኒንግን ንጹሕ ጫማ አየች፣ ውኃው እየደረሰበት ነው። አጠገቧ ያለውን ሞተር አየች። ይቺ ልጅ ወደ ቤቷ እየቸኮለች ነው አለች በልቧ።

«ረሳሁት» አለች። «የሆነ ነገር ቀባጥሬላቸው ነው።»

ዌኒንግ የተወችውን ቁልፍ ቆለፈች። «እሺ» አለች በመጨረሻ። «ላድርስሽ? ትርፍ ሄልሜት አለኝ።»

«አይ፣ ሂጂ። ሲያባራ እሄዳለሁ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ። አመሰግናለሁ።»

ዌኒንግ ሞተሯን አስነስታ ወጣች። የግቢው በር ላይ ፍሬን ስትይዝ ቀዩ መብራት በራ። ዶርካስ ያን ጊዜ «ዌኒንግ!» ብላ ተጣራች፤ ስምንት ወር ዝቅ አድርጋው የኖረችው የተራራ ድምፅዋ ነበር የወጣው። ዝናቡ ግን ቆርቆሮውን ይደበድባል። መብራቱ ጠፋ፣ ሞተሩ ወደ ግራ ታጥፎ ሄደ።

እስኪያባራ ጠበቀች፤ አላባራም። ሊመሽ ሲል ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘች፣ ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ሰበሰበች፣ ጎርፉ ውስጥ ገብታ ወደ እማማ ሱርቲ ግቢ አቀናች።